ሴዛ በላም ጋጣ ያደረሰችው ጸሎት

በእኛ መንደር ሰው ሲሞት ከቄሱም፣ ሣጥን ከሚሠራው አናጢም ቀድማ የምትጠራው ሴዛ ሎዛኽ ነበረች። የሟቹ ቤት ሰዓት ይቆማል፤ መስታወቱ ጨርቅ ይለብሳል፤ አስከሬኑ ታጥቦ ይጋደምና ከራስጌው ጠበል የያዘ ሳህን ከነመርጫ ቅጠሉ ይቀመጣል። ከዚያ አንዱ ጎረቤት ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ሴዛ እርሻ፣ ወደ ኬርኔቬዝ ይወርዳል። ሴዛ የብስክሌቱን ኮሽታ ስትሰማ ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ የወተት ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ሽርጧን ፈትታ፣ ጥቁር ሻርፗን ትለብሳለች። የሟቹን ስም መንገድ ላይ ይነግሯታል።

ጸሎቱን ግራሱ እንለዋለን። ከሟቹ እግርጌ ተቀምጣ እሷ ትላለች፣ ዙሪያውን አግዳሚ ላይ የተደረደርነው እንመልሳለን። ረጅም ነው፤ ቤት እየመታ ይሄዳል፤ ሰው ቢያንቀላፋ እንኳ መመለሻው ጋ ሲደርስ አፉ ራሱ ይመልሳል። መጀመሪያ ለሟቹ፣ ከዚያ ለአባቱና ለእናቱ፣ ከዚያ በዚያው አልጋ ላይ ከእሱ በፊት ላንቀላፉት፣ ስማቸው ከቤቱ ለጠፋ፣ ባሕር ለበላቸው፣ በጦርነት ወድቀው መቃብራቸው ለማይታወቅ ይጸለያል። ማብቂያው ላይ «እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቀድሞ ለሚከተለው» የሚል አለ። እዚያ ጋ ሲደረስ ሁሉም የጫማውን ጫፍ ያያል።

«እዚያ ጋ ስትደርሺ ምነው ሁልጊዜ እኔን እኔን የምታዪው?» ይላታል ሎም፣ ከአጥር ማዶ የሚኖረው ወንደላጤ ጎረቤቷ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ።

«ቆንጆ ስለሆንክ ነዋ።»

«አትልፊ፣ አንቺ ነሽ የምትቀድሚኝ።»

«እኔ ከቀደምኩህማ ማን ይጸልይልሃል? እንደ ውሻ ነው የምትቀበረው። ሰው ከሆንክ እኔ እያለሁ ቶሎ ሙት።»

ሎም እስኪያስለው ይስቃል። ሴዛም ትስቃለች፤ ግን በሯን ዘግታ ብቻዋን ስትቀር ያው ጥያቄ ዞሮ እሷው ላይ ያርፋል። ለእኔስ ማን ይጸልይልኛል? ግራሱ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ሴዛ ከአባቷ እህት አፍ ተቀበለችው፤ አክስቷም ከሌላ አፍ። እሷ ግን የምታስረክበው አፍ አልነበራትም። የዚህች ሴት ሕይወት ጭንቀት በአጭሩ ይኸው ነው።

መካን ሆና አይደለም። ወልዳለች። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ ትምህርት ቤት ከገባችበት ቀን ነው። ሴዛ ያን ቀን ከብሬቶንኛ፣ በፈረንሳይ ምዕራብ ዳርቻ ካለው ከእኛ አገር ቋንቋ በቀር አንዲት ቃል አታውቅም ነበር፤ አስተማሪው ደግሞ ግቢው ውስጥ ከፈረንሳይኛ ሌላ መስማት አይፈልግም። ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ የተሰበረ የእንጨት ጫማ በሲባጎ ይንጠለጠልበታል፤ የሚወርድለት ሌላ ጥፋተኛ ይዞ ሲያቀርብ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጆቹ እርስ በርስ ሲሰላለሉ ይውላሉ። ሴዛ አንድ ቀን የምታስይዘው ልጅ አጥታ ጫማውን እንዳንጠለጠለች ቤቷ ገባች። አባቷ፣ ያ ፈረንሳይኛ በደረሰበት ያልደረሰ ገበሬ፣ በጥፊ አላት።

«ትምህርት ቤት የላክሁሽ የኔን ቋንቋ ልትማሪ ነው? እሱንማ እዚህ በነጻ ታገኚዋለሽ!»

ይህንንም ያላት በብሬቶንኛ ነው።

ጊዜው ደርሶ ጆብን አግብታ ኦዲልን ስትወልድ ታዲያ፣ ሕፃኗን ታቅፋ አንገቷን እያየች ማለች። ይህን አንገት ጫማ አይነካውም አለች። ከጆብ ጋር ብሬቶንኛ፣ ከፈረሱ፣ ከላሟ፣ ከአሳማው ጋር ብሬቶንኛ፤ ወደ ልጅቷ ሲዞሩ ብቻ ፈረንሳይኛ። ምን ዓይነት ፈረንሳይኛ መሰላችሁ! ሁለቱም በተውሶ ልብስ ሠርግ እንደሄደ ሰው ነበር የሚሆኑት፤ ማሞካሸት ሲያምራቸው ቃል ያጥራቸዋል፤ መቆጣት ሲፈልጉ ልጅቷ ትስቅባቸዋለች። ኦዲል ከእናቷ ቋንቋ ለላም የሚባለውን ብቻ አውቃ አደገች፤ ነይ፣ ቁሚ፣ ዙሪ፣ ውጪ። ከዚያ ጎበዝ ተማሪ ሆነች፣ ነርስ ሆነች፣ ፓሪስ ገባች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ካለ፣ ድንጋዩን ከመወርወሩ በፊት የራሱን ቤት ይይ። በመንደራችን እንዲህ ያላደረገ ቤት የለም።

ጆብ ሲሞት ግራሱን ያደረሰችው ራሷ ሴዛ ናት። ኦዲል ከጎኗ ተቀምጣ፣ ሰው ሲመልስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትመልስ ትመስል ነበር። ሴዛ አየቻት። አልተቆጣችም፤ ምን ብላ ትቆጣ?

ከዚያ ሞትም አገር ለቀቀ። ሰዎች ከተማ ሆስፒታል እየተወሰዱ መሞት ጀመሩ፤ አስከሬኑ ከዚያው ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጉድጓድ። ወደ ኬርኔቬዝ የሚወርደው ብስክሌት ኮሽታው ጠፋ። ለሴዛ የቀሯት ላሟ ዱዊግና ከአጥር ማዶ ያለው ሎም ብቻ ሆኑ፤ ከሎም ጋር ጠዋት ጠዋት ካልተሰዳደቡ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም።

ልጅቷ የመጣችው ሣር በሚታጨድበት ወቅት ነው። ደጃፉ ላይ ረጅም ልጅ፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ፣ በእጇ ድምፅ መቅጃ ቴፕ ይዛ ቆማለች። ፈገግ አለችና አንድ ረጅም ነገር ተናገረች። ሴዛ ጆሮዋን አቀናች። ምንም አልገባትም።

«ከየት አገር ነሽ የኔ ልጅ?» አለቻት በፈረንሳይኛ፣ እንግዳ ስለመሰለቻት።

«አያቴ! ኮሪን እኮ ነኝ፣ የኦዲል ልጅ! ብሬቶንኛ ነው የተናገርኩት!»

«ብሬቶንኛ? የማን አገር ብሬቶንኛ?»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ልጅቷ ሬን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ብሬቶንኛና ዘመዶቹ የሚገኙበትን የኬልት ቋንቋዎች ታጠናለች። ኮሪን የሚለውን ስም ትታ አዜኖር ተብላለች፤ ኮሪን የፈረንሳይ ስም ነው አለች። ሴዛ በሐሳቧ ልጅቷ ኮሪን ወደተባለችበት ክርስትና መለስ አለች፤ ያኔ ድግሱን የከፈለው ጆብ ነበር። ግን ልጅቷ የመጣሁት ግራሱን ልማር ነው ስትላት ስሙ ኮሪንም ይሁን አዜኖር ከቁም ነገር አልገባም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለች በሆዷ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ ሌላ ነበር። ልጅቷ ጆሮዋ ሲለምድ፣ ሴዛም የመጽሐፉን አነጋገር ስትለምድ፣ ወሬ ሆነላቸው። ሴዛ ከእሷ ዘር ለተወለደ ልጅ በገዛ ቋንቋዋ ስትናገር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ድንች እየኮተኮቱ አዜኖር የቃላትን ዘር ትቆጥርላታለች።

«በግ፣ መንገድ፣ ማረሻ፣ እነዚህን ፈረንሳዮቹ የወሰዱት ከማን መሰለዎት አያቴ? ከእኛ ቅድመ አያቶች ነው። ሮማውያን መጥተው ሁሉም ላቲን ሲናገር እነዚህ ቃላት አልጠፋም ብለው ቀሩ።»

«እና አስተማሪው በግ ባለ ቁጥር የኛን ቋንቋ እየተናገረ ነበር?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ወይኔ! ጫማውን አንገቱ ላይ ሳላስርለት ሞተብኝ!»

አዜኖር ድንቹ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሌላ ቀን ደግሞ «ባራጉዊን» የሚለውን ነገረቻት። ፈረንሳዮች የማይገባ ልፍለፋን የሚጠሩበት ስድብ ነው፤ ሴዛም ትምህርት ቤት ስንቴ ተሰድባበታለች። የኛ ሰዎች በየእንግዳ ማረፊያው እየገቡ ባራ፣ ጉዊን፣ ማለት ዳቦና ወይን ሲለምኑ ሰምተው ነው ይባላል አለቻት፤ አጥኚዎቹ ግን ገና ይከራከሩበታል።

«ተርቦ ዳቦ የለመነ ሰው ላይ ነው ስድብ ያወጡት?»

«አዎ። ባራ የሚለው የራሳችን ነው። ጉዊን ግን ከላቲን የተወሰደ ነው።»

«ወይኑ የነሱ ነው? በቃ ዳቦውን ይተዉልን» አለች ሴዛ፤ ያን ማታ ለሎም በአጥር ላይ ስትነግረው እሱ ደግሞ ወይኑን ይተዉልን ዳቦው ይቅር አለ።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ሴዛ እጇን አጣጥፋ ትላለች፣ ልጅቷ ተከትላ ትደግማለች። የመጀመሪያው ቀን ደህና ሄደ። በማግስቱ፣ «ጌታ ሆይ፣ ደጅህ ላይ ለቆመው ሲኩር ላክለት» ከሚለው ላይ ሲደርሱ አዜኖር ቴፑን አጠፋችው።

«አያቴ፣ ሲኩር እኮ ፈረንሳይኛ ነው። እርዳታ የሚሉት ቃላቸው ነው፣ ከላቲን የመጣ።»

«እኛ እንዲያ ነው የምንለው።»

«አውቃለሁ። ግን የራሳችን ቃል እያለን? ስኮዋዜል። ትከሻ ከሚለው የወጣ ነው። ከባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን ዌልሶችም ትከሻን በዚያው ዘር ነው የሚጠሩት። አያምርም? እርዳታ ማለት ትከሻ መስጠት!»

ሴዛ ያምራል አለች፤ እውነትም ያምራል። ግን ግራሱ ውስጥ ሲገባ ቤት አይመታም። ልጅቷ እንዲመታ ቀጣዩን ስንኝ አስተካከለችው። ከዚያ ማሰብ የሚለው ቃል ፈረንሳይኛ ሆኖ ተገኘ፤ መጀመር የሚለውም፤ እናመሰግናለን የሚለውማ ሜርሲ ስለሆነ ግልጽ ነው፣ ትሩጋሬ መባል አለበት። በረከት፣ ኃጢአት፣ ገነት ከላቲን ናቸው፤ እነዚህ ቆይተዋልና ይቅር ይባሉ። ግራሱ የሚለው ስሙ ራሱ ላቲን ነው።

«ከእኛ የቀረ አለ?» አለች ሴዛ፣ እየሳቀች።

«ሞልቶ! እያጸዳነው እኮ ነው አያቴ። አቧራውን እያራገፍን።»

አዜኖር ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን መናገር አለብኝ፤ በኋላ መንደሩ ስሟን ሲያነሳ ምራቁን ሲተፋ ሰምቻለሁና። ልጅቷ ለዚህ ቋንቋ ስትል ከእናቷ ጋር ተጣልታለች፣ ስሟን ቀይራለች፣ ክረምቷን ከላም እበት ጋር አሳልፋለች። ያለችውም ሁሉ እውነት ነበር። ውሸት ቢሆን ሴዛ ትስቅበት ነበር፤ እውነት ስለሆነ ነው ገብቶ የቀረው።

ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴዛ አፏን መጠበቅ ጀመረች። አንድ ቃል ልትል ስትል ትቆማለች፤ ይሄ የኛ ነው የነሱ? ሎምን እንኳ ልትሰድበው አስባ ስድቡ የማን ዘር እንደሆነ ስታጣራ ሎም ገብቶ በሩን ዘጋ። ደረጃ ሲወርድ እግሩን የሚያይ ሰው ይደናቀፋል። በልጅነቷ ስለ ብሬቶንኛዋ አንገቷን አስደፏት፤ አሁን በስተርጅናዋ ፈረንሳይኛ አለበት ተባለ። ጉሮሮዋ ሥር፣ ሲባጎው የነበረበት ቦታ ይበላት ነበር።

ቀስ በቀስ ልጅቷን በፈረንሳይኛ መመለስ ጀመረች። መጀመሪያ አዜኖር አላስተዋለችም፤ ስታስተውል ለመነቻት።

«በብሬቶንኛ ይንገሩኝ እንጂ አያቴ።»

«አንቺ ታውቂው የለ፣ ልጄ። የኔ የተደባለቀ ነው።»

ልጅቷ ትሕትና መሰላት። አቅፋ ሳመቻትና የጸዳውን ግራሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችላት። ሴዛ ጥሩ ነው አለች። ሌሊቱን የራሷን ልታስታውስ ስትሞክር ሁለቱ ተቀላቅለው መጡባት።

ሎም በመከር መግቢያ ሞተ። ሆስፒታል አልሄድም ብሎ በገዛ አልጋው፣ በእኩለ ቀን። ብስክሌት አላስፈለገም፤ ሴዛ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ሰዓቱን ያቆመችው፣ መስታወቱን የሸፈነችው እሷ ናት። «ቶሎ ሙት ስልህ ምነው ሰማኸኝ» አለችው ፊቱን እያጠበች፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ በብሬቶንኛ ነበር፣ ቃሉም አልተሰናከለባትም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሞላ። ከቀረነው ሽማግሌና አሮጊት ያልመጣ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ የሚደርስ ግራሱ ሌላ እንደማንሰማ ሁላችንም ገብቶናል። ሴዛ እግርጌው ተቀመጠች፤ አዜኖር ከኋላዋ። ጀመረች። ለሎም አለች፣ መለስን። ለአባቱ፣ ለእናቱ አለች፣ መለስን። ድምፅዋ እንደ ድሮው ነበር፤ ከአጠገቤ ያለችው ሴት ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች። «ጌታ ሆይ፣ ደጅህ ላይ ለቆመው…» አለችና ቆመች።

አፏ ተከፍቷል። ሁለት ላሞች ባንድ በር እኩል ልግባ ሲሉ እንደሚሆነው፣ ሁለቱ ቃላት ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቀው አንዱም አልወጣ አለ። አፏን ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። ወደ ሎም አየች። ከመጀመሪያው ልትነሳ ሞከረች፤ ያው ቦታ ስትደርስ ያው ሆነ።

ያኔ አዜኖር ተንበርክካ እጇን ያዘችና ካቆመችበት ቀጠለችላት። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ የሚያምር። ስኮዋዜል አለች። ሌላም አለች፤ ከዚያ መልሱን ለመስማት ቀና አለች። ማንም አልመለሰም። መመለሻው የት እንደሆነ ማን ያውቃል? ዜማው ሌላ፣ ቤት አመታቱ ሌላ።

«ምን አለች?» አለች አንዷ አሮጊት ጮክ ብላ፣ ጆሮዋ ስለሚከብድ። «ስብከት ነው?»

ልጅቷ አንድ አንጓ ጨመረች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ከበሩ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና «አባታችን ሆይ» አለ፣ በፈረንሳይኛ፣ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስብሉን። ሁላችንም ዕዳ እንደወረደለት ሰው ተቀበልነው። ሎም ፈረንሳይኛ የሚያውቀው በወታደርነቱ የተማረውን ትእዛዝና ስድብ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ሸኘነው። ስማቸው ለጠፋ፣ ባሕር ለበላቸው፣ ቀድሞ ለሚከተለው ያን ቀን የጸለየ የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አዜኖር አለቀሰች።

«ጥፋቱ የኔ ነው አያቴ። ተሳስቻለሁ። እርስዎ እንደሚሉት እላለሁ፤ ሲኩር እላለሁ፣ ሜርሲ እላለሁ። እባክዎን ያስተምሩኝ።»

«አልተሳሳትሽም» አለች ሴዛ በፈረንሳይኛ። «እውነትሽን ነው።»

«ታዲያ ለምን ይቀጡኛል?»

ሴዛ ልትቀጣት አልፈለገችም። ልጅቷ እንደዚህ ማሰቧ አስደነገጣት። ማታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ፣ ለልጅቷ ስትል፣ ለራሷም ስትል፣ ሞከረች። ቴፑ ይዞራል። የልጅቷን ፊት ስታይ፣ ያንን በጉጉት የተከፈተ ዓይን ስታይ፣ ቃላቱ አንገታቸውን ደፍተው ይቀራሉ። ሦስት ስንኝ ትሄድና ትቆማለች። ቴፑ የቀዳው የሰዓቱን ድምፅና የሁለት ሰዎችን ትንፋሽ ነው። በመጨረሻ አዜኖር ራሷ አጠፋችው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህ ግን ለተናገረ ምላስ ነው፤ ዝም እንዲል የተደረገ ምላስስ ምን ይደረግለታል?

አዜኖር ወደ ሬን ልትመለስ ቦርሳዋን ባዘጋጀችበት ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ሴዛ ዱዊግን ልታልብ ወደ ጋጣው ገባች። የዚያን ሰሞን እግሯ ያብጥ ነበር፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይዘልባታል። ማን ቀድሞ እንደሚከተል ሐኪም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። በርጩማዋን አስጠግታ ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ ጣል አደረገች። ላሟ ሞቃት ናት፤ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

«እንግዲህ ዱዊግ፣ ማንም የለንም» አለቻት።

ወተቱ ባልዲው ውስጥ መጮህ ሲጀምር ግራሱም መጣ። ሳትጠራው መጣ። ለሎም ጀመረች፣ ያን ቀን የቀረበትን ሁሉ አለችለት፤ ለጆብ አለች፤ ለአባቷ፣ ያንን ጥፊ ይቅር ብላው፤ ለአክስቷ። ሲኩር ላይ ስትደርስ ሲኩር ብላ አለፈች። ባሕር ለበላቸው። መቃብራቸው ለማይታወቅ። መመለሻው ላይ ራሷ ትመልሳለች። ከዚያ ማብቂያው ላይ ደረሰች፤ «እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቀድሞ ለሚከተለው»፤ አጠገቧ የጫማውን ጫፍ የሚያይ ሎም ስለሌለ፣ «ለሴዛ» ብላ ስሟን ጨመረችበት። ሰው ለራሱ ግራሱ አያደርስም፤ ሌላ አፍ ያጣ ግን ምን ያድርግ?

ያኔ ከበሩ ሥር ጫማ አየች። የከተማ ጫማ፣ እበት የለመደ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቀችም። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ልጅቷ መዝጊያውን እንደያዘች ቆማለች፣ ፊቷ በእንባ ታጥቧል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መመለሻውን እየመለሰች ነበር። የሴዛን መመለሻ፣ በሴዛ ቃል፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተሳሳተችም።

ሴዛ ሰማቻት። ቀጣዩን ስንኝ ልትላት አፏን ከፈተች፤ አንድ ስንኝ ብቻ ነበር የቀረው። ዱዊግ ጅራቷን አወዛወዘች። ከውጭ የገባው ነፋስ ጭዱን በተነው። ሴዛ ስንኙን ፈለገችው፤ አጣችው፤ አሁን፣ ከአንድ ትንፋሽ በፊት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«በሩን ዝጊው ኮሪን» አለቻት በፈረንሳይኛ። «ላሟን ብርድ ይመታታል።»